የመርሳት በሽታ እና መሥሪያ ቤታችን፦ ሐዋሳ ላይ ከማን እንጀምር?

የሰው ኃይል (ነሐሴ 12፣ ማታ 2፡15)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሰው ኃይል አስተዳደር ነው የምሠራው። መስከረም 11 የዓለም የአልዛይመር ቀን ነው። በዚያ ሰሞን ለሠራተኞቻችን ስለ መርሳት በሽታ አንድ ፕሮግራም ላዘጋጅ አስቤያለሁ። ለሥራ አስኪያጁ ሳነሳለት "እኛ ጋ ሽማግሌ የለም፣ ለምን አስፈለገ?" አለኝ። ጥያቄው ክፋት የለውም። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው።

እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። በቅርቡ ደብዳቤ ከደረሳቸው መካከል አንዷ የምታረፍደው ሁሌም ሰኞና ሐሙስ ነው። ጠርቼ ስጠይቃት መጀመሪያ ዝም አለች። ቆየት ብላ ነገረችኝ። እናቷን የሚጠብቅላት ወንድሟ በእነዚያ ቀናት ማልዶ ገበያ ይወጣል። እናትየው ብቻቸውን ከቀሩ ከሰል አያይዘው በርና መስኮት ዘግተው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ጎረቤት እስክትመጣ ትጠብቃለች። ይህን ለቅርብ አለቃዋ አንድም ቀን ነግራው አታውቅም። ለምን ስላት "እናቴ ጃጀች ብዬ እንዴት ላውራ?" አለችኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰው የመርሳት በሽታ አለበት። በየዓመቱ ወደ 10 ሚሊዮን ሰው ይጨመራል። ከግማሽ በላዩ የሚኖረው እንደኛ ባሉ አገሮች ነው። እኛ ጋ ደግሞ አረጋዊ የሚጦረው ቤት ውስጥ ነው። ጧሪው ጠዋት ተነስቶ ሥራ ይገባል። እናም ሕመሙ ከእሱ ጋር አብሮ መሥሪያ ቤት ይገባል።

ባነር ሰቅሎ፣ ሐኪም ጋብዞ፣ ለስላሳ አጠጥቶ መበተን አልፈልግም። ልምድ ያላችሁ፣ ከምን ልጀምር? ከማንስ ልጀምር?


ሲስተር ታቦር (ነሐሴ 12፣ ማታ 3፡40)

እንኳን አነሳሽው እህቴ። ነርስ ነኝ። ብዙ ዓመት ተመላላሽ ክፍል ሠርቻለሁ። በዚህ ሕመም ወደ እኛ የሚመጡት በጣም ዘግይተው ነው። ቤተሰቡ "ዕርጅና ነው" እያለ ዓመታት ይቆያል። ሰውየው መንገድ ሲጠፋበት ወይም ሌሊት በር ከፍቶ ሲወጣ ነው የሚደነግጡት።

ስም መርሳት፣ መነፅር የት እንዳስቀመጡ መርሳት በዕድሜ ያለ ነው። ትንሽ ቆይቶ ትዝ ይላል። የሚያሳስበው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራው የኖረው ነገር ሲጠፋበት ነው። አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ይዛቸው የመጣችው ቡና ማፍላት ስላቃታቸው ነው። ቡናውን ቆልተው ሳይወቅጡ ፍሬውን እንዳለ ጀበና ውስጥ ይከቱታል። ሌላ ቀን ደግሞ ፈልቶ የሚቀዳው ባዶ ውሃ ነው። ለእንግዳ ሲኒውን ሲያቀርቡ ምንም የጎደለ አይመስላቸውም። እንዲህ ያለው ነገር ሐኪም ማየት አለበት።

ደግሞ የረሳ ሁሉ አልዛይመር የለበትም። አልዛይመር ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ ከ100 ታማሚ ከ60 እስከ 70 ይሆናል። ከደም ግፊትና ከስትሮክ ጋር ተያይዞ የሚመጣም አለ። ታክሞ የሚስተካከልም አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ድባቴ፣ ከወደቁ በኋላ ጭንቅላት ውስጥ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም፣ ሌላው ቀርቶ አንዳንድ መድኃኒት ሰውን ያዘነጋል። ቤት ካስቀመጥነው የሚድነውም ሳይድን ይቀራል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት የተደናገረ ሰው ካለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። እንደ ዶኔፔዚል ያሉት ለአንዳንዱ ሰው ምልክቱን ለጊዜው ያረግቡለታል። ይህን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። "አድናለሁ" እያለ የቤተሰብ ገንዘብ የሚያስጨርስ ሞልቷል።


ላይን ሰባት (ነሐሴ 13፣ ማታ 1፡30)

እኔ ልብስ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ ይቅር። እኛ ስልክ ይዘን ላይን (የስፌት መስመር) ላይ መግባት አይፈቀድልንም። በር ላይ ሎከር ውስጥ እናስቀምጣለን።

አባቴ ገጠር ነው ያለው፣ ወደ አለታ ወንዶ። አንድ ቀን ማልዶ ከቤት ወጥቶ ጠፋ። ወንድሜ ሲደውልልኝ ዋለ። ስልኬን ያየሁት ማታ ስወጣ ነው። እሱን ያገኙት ድሮ ያርሰው ከነበረው መሬት ዳር ተቀምጦ ነው። ተመስገን፣ ደህና ነው። እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ ምንም ሳልሰማ ኮሌታ ስሰፋ ነው የዋልኩት። በማግስቱ ሄድኩ። ስመለስ የወሩ የመገኘት ቦነስ ቀረብኝ። ሱፐርቫይዘሬ ክፉ ሰው አይደለም። "የሐኪም ወረቀት አምጪ" ነው ያለኝ። አባቴን ደግሞ ሐኪም አይቶት አያውቅም።

ወጣት ሠራተኞች ናችሁ፣ ወላጆቻችሁም ወጣት ናቸው የሚል ካለ፣ እኔ ለአባቴ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። አብረውኝ ከሚሠሩት ብዙዎቹን ያሳደጓቸው አያቶቻቸው ናቸው።

እህቴ የሰው ኃይል፣ ቤተሰብ ደውሎ የሚያገኘው አንድ የቢሮ ስልክ ይኑር። የሚያነሳ ሰው ይኑር፣ አንስቶም ላይን ድረስ መጥቶ የሚነግር። ከገለጻው በፊት እሱ ይቅደምልን።


ሐይቅ ዳር (ነሐሴ 13፣ ማታ 2፡05)

ላይን ሰባት፣ እንኳን አባትሽ ተገኙ። እኛ ሆቴል ነው የምንሠራው፤ የቤተሰብ ጥሪ ሪሴፕሽን ይቀበላል። ምንም ወጪ የለውም።


ሞዴል 22 (ነሐሴ 14፣ ረፋድ 4፡20)

እስካሁን የተወራው ስለ ጧሪ ነው። እኔ የምነግራችሁ ታማሚው ራሱ ሠራተኛ ሲሆን የሚደርሰውን ነው።

አንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ንብረት ክፍል ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር። ዕቃ ግምጃ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። ዕድሜው 57። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት የቀረው ሰው ማለት ነው። ሲበዛ ጥንቁቅ ነበር። በሱ እጅ በሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) የገባ ዕቃ አንድ እስክርቢቶ አይጎድልም ነበር።

ቀስ በቀስ ነገሩ ተለወጠ። አንዱን ዕቃ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ወጪ ያደርግና ከሰዓት ያንኑ ደግሞ ይጽፈዋል። ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) ላይ "ከወጪ ቀሪ" የሚለውን ዓምድ ባዶ ይተዋል። ዕቃ የጠየቀ ሰው ፊት ቁልፍ ይዞ ቆሞ ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋዋል። ቁጡም ሆነ። በፊት ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር።

ቆጠራ ሲደረግ ጉድለት ተገኘ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ኦዲት፣ ዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ ሹክሹክታ። "በስተርጅና ሌብነት ጀመረ" ተባለ። ሻይ አብሮት የሚጠጣ ጠፋ። አንድ ቀን ኮቱን ወንበር ላይ ትቶ ወጣ፤ ላደርስለት ሳነሳው ከኪሱ አንዲት ትንሽ ደብተር ወደቀች። ገጹ ተገልጦ አየሁት። የኛን ስም ነው የጻፈው። "መስኮት ጋ የምትቀመጠው፣ ሒሳብ ክፍል።" "ረጅሙ፣ መነፅር ያለው፣ ግዥ።" ከጎኑ ስማችን። ሃያ ዓመት አብሮን የሠራ ሰው፣ ጠዋት ጠዋት ስማችንን አጥንቶ ነበር የሚገባው።

ባለቤቱን አነጋገርኳት። እሷም ቤት ውስጥ ያየችውን ይዛ ነበር የምትጨነቀው። ሪፈራል ሄደው ብዙ ምርመራ ተደርጎ በመጨረሻ አልዛይመር ነው ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ማስረጃውን ሲያይ ክሱን አቆመ። ንብረት የማይነካበት ቦታ አዛወሩት። ግን ስሙ ከጠፋ በኋላ ነው። ዛሬም ያን ወሬ ይዞ የቀረ ሰው አለ።

እንግዲህ ለሥራ አስኪያጅሽ ንገሪልኝ። ይህ ሕመም ሽማግሌ አይጠብቅም። ዶክተር አልዛይመር በ1906 በጉባኤ ላይ ያቀረቧት የመጀመሪያዋ ታማሚ ጀርመን አገር ሆስፒታል ስትገባ 51 ዓመቷ ነበር። አብዛኛው ከ65 ዓመት በላይ ነው የሚታመመው፣ እውነት ነው። ከዚያ በፊት የሚጀምረው ግን ጠረጴዛው ላይ እያለ ነው የሚይዘው፣ ቁልፍ በእጁ፣ ፊርማ በስሙ እያለ። የሠላሳ ዓመት ጥንቁቅ ሠራተኛ ድንገት ሲዝረከረክ ከኦዲተር በፊት "አሞህ ይሆን?" የሚል ሰው ያስፈልገዋል።


ፈረቃ መሪ (ነሐሴ 14፣ ማታ 3፡00)

የሞዴል 22 ታሪክ ልቤን ነክቶታል። ግን የኛንም ወገን ስሙ። እኔ ሥር ከአርባ በላይ ሰው አለ። ታርጌት አለ። አንዷን "እናትሽ ታማለች፣ አርፍደሽ ግቢ" ካልኩ ነገ ስንቱ እናት ይዞብኝ ይመጣል? እውነቱን ከሰበቡ በምን እለየዋለሁ? የሷን ማሽን የሚሸፍንስ ማን ነው? ሰው መርዳት እፈልጋለሁ፤ ከላይ የምጠየቀው ግን በቁጥር ነው። ስልጠናው "አዛኝ ሁኑ" ብቻ ከሆነ አይጠቅመኝም። ምን ማድረግ እንደምችል ይነገረኝ።


የሠራተኛ ማኅበር (ነሐሴ 15፣ ጠዋት 2፡45)

ወንድሜ ፈረቃ መሪ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀው። ማኅበራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይመጣልኛል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ምን ይሰጣል የሚለውን ልበል።

መጀመሪያ አደጋው የት እንዳለ እንወቅ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ሰኞና ሐሙስ የምታረፍደዋ ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ልትሞላው ትችላለች። ስለዚህ እህቴ የሰው ኃይል፣ ያ ደብዳቤ ቀላል ወረቀት አይደለም። ምክንያቷን በጽሑፍ እንድታስገባ አድርጊ። ፋይሏ ውስጥ ይቀመጥ።

ከዚያ ፈቃድ። ለየት ያለና ከባድ ችግር ሲደርስ ሠራተኛው እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ የማግኘት መብት አለው፤ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ። አባት ጠፋ ማለት ለእኔ ከባድ ችግር ነው። ላይን ሰባት፣ ያን ቀን ይህን የሚነግርሽ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይቻላል። ታማሚው ራሱ ሠራተኛው ከሆነ ደግሞ የሕመም ፈቃድ አለ። በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ይደርሳል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ የቀረው ሦስት ወር ያለ ክፍያ።

በሕጉ ላይ አረጋዊ ለሚያስታምም ሠራተኛ ተብሎ የተለየ ፈቃድ የለም። ይህ ጉድለት ነው፤ በኅብረት ስምምነት መሙላት ይቻላል። እኛ በቀጣዩ ድርድር ልናነሳው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሰው የሚፈልገው ሁሌ ፈቃድ አይደለም። የፈረቃ ቅያሪ ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሲመሽ ነው የሚረበሸው። ያን ሰው የምታስታምም ሠራተኛ በየሳምንቱ ፈረቃዋ ከተገለበጠ ትወድቃለች። ቋሚ የጠዋት ፈረቃ ብትሰጣት ማሽኑ ባዶ አይሆንም፣ ታርጌትህም አይነካም። እውነቱን ለመለየት ደግሞ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ "ቀኑን ማን ነው የሚጠብቃቸው?" በለው። በእርግጥ የሚያስታምም ሰው ሳትጨርስ ይዘረዝርልሃል።


ሲስተር ታቦር (ነሐሴ 15፣ ቀን 7፡10)

ለፈረቃ መሪ አንድ ልጨምር። "ወጣት ሠራተኛ ምን አገባው?" ለሚል መልስ ነው። ላንሴት የሕክምና መጽሔት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ሪፖርት፣ 14 አጋላጭ ነገሮችን መከላከል ቢቻል ከመርሳት በሽታ ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላሉ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ መጠጥ ማብዛት፣ ጭንቅላት ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ የመስማት ችግር አሉበት። በማሽን ጩኸት ውስጥ ያለጆሮ መከላከያ የሚውል የ25 ዓመት ልጅ፣ ባጃጅ መንገድ ላይ ያለሄልሜት በሞተር የሚሄድ ሠራተኛ፣ ግፊቱን ለክቶ የማያውቅ የቢሮ ሰው፤ ጉዳዩ የእነሱም ነው። በፕሮግራሙ ቀን ግፊት የሚለካ ሰው አስመጪ። ብዙ ሰው ግፊት እንዳለበት የሚያውቀው እንዲያ ነው።


የባንክ ልጅ (ነሐሴ 15፣ ማታ 4፡30)

እናቴ ወላይታ ሶዶ ተወልዳ በልጅነቷ ነው ሐዋሳ የመጣችው። እኛን ያሳደገችን በአማርኛ ነው። ሕመሟ ሲበረታ አማርኛው ቀስ በቀስ ከአፏ ጠፋ። አሁን የምታወራው ወላይትኛ ብቻ ነው። እኔና እህቴ ሰላምታና ጥቂት ቃል ነው የምናውቀው። ውሃ ስትለምነን ሳይገባን ቆመን ያየንበት ቀን አለ።

ሐኪሙ በልጅነት የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ እንደሚቀር ነገረን። ቅርንጫፋችን ውስጥ የሶዶ ልጅ የሆነ የሥራ ባልደረባ አለኝ። በምሳ ሰዓት ሳወራ ሰምቶ "እሁድ ልምጣ?" አለኝ። መጣ። "እማማ" ብሎ በቋንቋዋ ሲያናግራት ቀና ብላ አየችው። ሁለት ሰዓት አወሩ። ስለ እንሰት ነው፣ ስለ ገበያ ነው፣ ስለ ሞቱ ዘመዶቿ ነው። እንደ ልጇ ጎርሶ ሄደ። አሁን ሲመቸው እሁድ ብቅ ይላል። የሚያስፈልጉንን ቃላት በአማርኛ ፊደል ጽፎ ፍሪጅ ላይ ለጠፈልን። ራባት፣ ጠማት፣ በረዳት፣ አመማት፣ ሽንት ቤት።

ምሳ ላይ ባላወራ ኖሮ ይህን አላገኝም ነበር። ሐዋሳ ደግሞ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው አንድ ቢሮ የሚቀመጥባት ከተማ ናት። ስለዚህ ፕሮግራምሽ ላይ ሰዎች የሚያወሩበት ጊዜ ይኑር እህቴ። ሐኪሙ ብቻ ተናግሮ አይበቃም።


ፍሬ (ነሐሴ 16፣ ጠዋት 1፡50)

እኛ አባታችንን ጠበል እየወሰድን ነው፣ ሰላም ይሰማዋል። ሐኪም ቤት ከሄድን እምነታችንን የተውን ይመስላል ብለው ዘመዶች ይቆጡናል። ሲስተር ምን ትያለሽ?


ሲስተር ታቦር (ነሐሴ 16፣ ቀን 6፡30)

ፍሬ፣ ጠበሉንም ውሰዷቸው፣ ሐኪምም ይያቸው። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሰላም የሚሰጣቸውን ነገር አታቋርጡባቸው። እኔ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። የግፊትም ሆነ የስኳር መድኃኒት ካላቸው እንዳያቆሙ። ጠበል ቦታ ላይ ደግሞ ብቻቸውን እንዳይቀሩ፣ ሰው በበዛበት ቶሎ ይጠፋሉ። ስማቸውና ስልካችሁ የተጻፈበት ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ስፉላቸው። ለዘመዶች "ምን ዓይነት ሕመም እንደሆነ ልናውቅ ነው" በሏቸው። ቢ12 ሆኖ ቢገኝ በመርፌ ይታከማል።


የሰው ኃይል (ነሐሴ 17፣ ማታ 2፡40)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ በአንድ አንብቤ ለሥራ አስኪያጁ ይዤ ገባሁ። የሞዴል 22ን ታሪክ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝ። "እኛስ ጋ ገንዘብ ያዡ እንዲህ ቢሆን ምን እናደርግ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። ፈቅዷል።

ከአለቆች ነው የምንጀምረው። መጀመሪያ ፈረቃ መሪዎችና የክፍል ኃላፊዎች ብቻ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ሠራተኛ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሠራተኛው ችግሩን ይዞ የሚሄደው ወደነሱ ነው። እነሱ ሳያውቁ ሠራተኛውን "ተናገር" ብንለው፣ ተናግሮ ማስጠንቀቂያ ሊደርሰው ይችላል። ይህን ማድረግ ደግሞ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። ለኃላፊዎቹ የምንሰጣቸው አንድ ገጽ ነው። ምን ብለው እንደሚጠይቁ፣ ፈረቃ እንዴት እንደሚቀየር፣ የትኛው ፈቃድ እንዳለ፣ እና የሰሙትን ለሌላ እንዳያወሩ። ሞዴል 22 ያልከውም ገብቷል። ነባር ሠራተኛ ላይ ያልተለመደ ስህተት ሲደጋገም፣ ዲሲፕሊን ከመጀመሩ በፊት የሕክምና ምርመራ እንዲያደርግ በክብር ይጠየቃል። ውጤቱ ሕመም ከሆነ በሚችለው ሥራ ላይ ይመደባል።

የቢሮው ስልክ ከሰኞ ጀምሮ የቤተሰብ ጥሪ ይቀበላል። ቁጥሩ በየሠራተኛው መታወቂያ ጀርባ ይለጠፋል። ላይን ሰባት፣ ይህ ያንቺ ነው።

የምታረፍደዋ ልጅ አሁን በእነዚያ ሁለት ቀናት አንድ ሰዓት ዘግይታ ትገባለች፣ ማታ ታካክሳለች። ከኃላፊዋ ጋር ተፈራርመዋል። ለጎረቤቷም ስለ ከሰሉ ነግራለች። ከሰል የሚፈልገውን ሥራ ልጅቷ ራሷ ማታ ትጨርሳለች፤ ጠዋት ከሰሉን ቆልፋበት ትሄዳለች።

የጎደለኝ አንድ ነገር ነው። ከጥበቃና ጽዳት ሠራተኞቻችን አንዳንዶቹ አማርኛ ብዙም አይችሉም። በሲዳሙ አፎ የሚያስረዳ ሰው እፈልጋለሁ።


ፈረቃ መሪ (ነሐሴ 17፣ ማታ 3፡25)

ያንን አንድ ገጽ ለኔም ላኪልኝ፣ ለኛ ፋብሪካ አሳየዋለሁ። "ቀኑን ማን ነው የሚጠብቃቸው?" የሚለውን ዛሬ አንዱን ጠየቅኩት። ቆሜ ረጅም ሰዓት ሰማሁት። ከመጪው ሳምንት ቋሚ የጠዋት ፈረቃ ይገባል።


ላይን ሰባት (ነሐሴ 17፣ ማታ 4፡00)

ለሲዳሙ አፎው እኔ አለሁ እህቴ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ። ሲስተር የጻፈችውን ምልክት በደንብ ልተርጉመው፣ የሕክምና ቃሉን ግን አስቀድማ ታስረዳኝ። ለአባቴም ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ወንድሜ ይዞት ይመጣል።